አብረው የሚያበሩ አቶሞች



በዚህ እትም የምናነሳው ጥያቄ አጭር ነው። አንድ አቶም ብርሃን እስኪለቅ የሚፈጅበትን ጊዜ የሚወስነው ማን ነው? አቶሙ ራሱ ብቻ ነው ወይስ አጠገቡ ያሉትም ድርሻ አላቸው? የፊዚክስ ወይም የኬሚስትሪ ተማሪ የሆናችሁ መልሱን ከመማሪያ መጽሐፍ ሠንጠረዥ ላይ አይታችሁት ይሆናል። ሠንጠረዡ ሩቢዲየም 26 ናኖሰከንድ፣ ሶዲየም 16 ናኖሰከንድ ገደማ እያለ ይዘረዝራል፤ ልክ እንደ አቶሙ ክብደት የማይለወጥ የግል ንብረቱ ይመስላል። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። ነገር ግን የሚናገሩት ብቻውን ስላለ አቶም ነው፣ ይህችን ደግሞ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ማንም አያነሳትም። ከሌላ ዲፓርትመንት የሆናችሁም አትዝለሉት፤ ከታች ያለው ሒሳብ በሙሉ ከመደመርና ከማባዛት አያልፍም።

ከአንዱ አቶም እንጀምር። አቶም ከውጭ ኃይል ሲቀበል ኤሌክትሮኑ ከፍ ወዳለ ደረጃ ይወጣል። ይህንን «የተነቃቃ» አቶም እንበለው፣ ኃይሉን ለቅቆ የወረደውን ደግሞ «የረጋ»። ሲወርድ የተቀበለውን ኃይል አንድ ፎቶን፣ ማለትም አንዲት የብርሃን እሽግ፣ አድርጎ ይለቃታል። መቼ እንደሚለቃት ቀድሞ መናገር አይቻልም፤ የምናውቀው ዕድሉን ብቻ ነው። 26 ናኖሰከንድ የምንለውም አማካዩን ነው። ብዙ የተነቃቁ አቶሞች ተራርቀው ቢቀመጡ እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ ይወርዳል፣ የአንዱ መውረድ ሌላውን አይመለከተውም። ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሰው ብርሃኑ መጀመሪያ ላይ ይደምቃል፣ ከዚያ እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ስንማር መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሚስለው እየወረደ የሚሄደው ኩርባ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 ሮበርት ዲኪ የተባለ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ፊዚሲስት ይህ ስዕል ሁልጊዜ እንደማይሠራ የሚያሳይ ጽሑፍ አወጣ። (ዲኪ በሌላም ይታወቃል። ከጥንተ ፍጥረተ ዓለም የቀረውን ደካማ ጨረር ለመፈለግ መሣሪያ እያዘጋጀ ሳለ ፔንዚያስና ዊልሰን ሳያስቡት ቀድመውት አገኙት፤ የኖቤል ሽልማቱንም እነሱ ወሰዱ።) የ1954ቱ ሐሳብ ይህን ይመስላል፦ አቶሞቹ እርስ በርስ በጣም ተቀራርበው ከሆነ ብርሃን የሚለቁት በተናጠል ሳይሆን እንደ አንድ አካል ሆነው ነው። ክስተቱ ሱፐርራዲያንስ ይባላል።

እንዴት እንደሚሆን ለማየት ሁለት አቶም ይበቃናል። ሁለት የሩቢዲየም አቶሞች ተነቃቅተዋል እንበል። የሚለቁት ብርሃን የሞገድ ርዝመት 780 ናኖሜትር ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ መቶ እጥፍ ገደማ ይሆናል። አቶሞቹ ከዚህ ርዝመት እጅግ ባነሰ ርቀት ተጠጋግተዋል። አሁን አንድ ፎቶን ወጣ። ከየትኛው አቶም ነው የወጣው? ከብርሃኑ ተነስቶ መመለስ አይቻልም፤ ሞገዱ በሁለቱ መካከል ካለው ክፍተት እጅግ ስለሚበልጥ በእሱ ሁለቱን ለይቶ ማየት አይቻልም። ሁለት መንገዶች በምንም መልኩ የማይለዩ ከሆነ ደግሞ በኳንተም ሕግ አንዱን መርጠን «የሆነው ይህ ነው» ማለት አንችልም፣ ሁለቱን እንደምራቸዋለን። ስለዚህ ከመጀመሪያው ፎቶን በኋላ የቀረው ሁኔታ «ግራው ወርዶ ቀኙ ቀረ» እና «ቀኙ ወርዶ ግራው ቀረ» የሚሉት የሁለቱ ድምር ነው። የቀረችው ኃይል የሁለቱም የጋራ ናት።

ይህ የጋራ ሁኔታ ሁለተኛውን ፎቶን ሲለቅ ሁለቱ መንገዶች ይደጋገፋሉ። ሒሳቡ ሲሠራ የመልቀቅ ፍጥነቱ የአንድ አቶም ሁለት እጥፍ ሆኖ ይወጣል፤ አማካይ ጊዜው ከ26 ወደ 13 ናኖሰከንድ ይወርዳል ማለት ነው። ልብ በሉ፤ በዚህ ጊዜ የቀረው ኃይል የአንድ አቶም ብቻ ነው። አጠገቡ ያለው የረጋ አቶም የሚሰጠው ምንም ኃይል የለውም። ሆኖም መኖሩ ብቻ ብርሃኑ ቶሎ እንዲወጣ አድርጓል። እኔ በበኩሌ ከዚህ ርዕስ ሁሉ በጣም የሚገርመኝ ይህ ነጥብ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጡት ትልልቅ ቁጥሮች ሁሉ ከዚህ የተወለዱ ናቸው።

ቁጥሩን እንጨምር። ከሁለት በላይ ሲሆኑም ሕጉ ቀላል ነው። በየደረጃው የቡድኑን የመልቀቅ ፍጥነት ለማግኘት ፎቶኑ ከመውጣቱ በፊት የተነቃቁትን ቁጥር ከወጣ በኋላ በሚረጉት ቁጥር ማባዛት ነው። አሥር አቶሞች ይኑሩን፣ ሁሉም የተነቃቁ። የመጀመሪያው ፎቶን ሲወጣ ፍጥነቱ 10 በ1 ሲባዛ፣ 10 ነው። ተለያይተው ቢሆኑም ያው 10 ነበር፤ እስካሁን ምንም ልዩነት የለም። ሁለተኛው ሲወጣ 9 በ2፣ 18 ይሆናል። ሦስተኛው 8 በ3፣ 24። ከዚያ 28፣ 30፣ እንደገና 30፣ ከዚያ ተመልሶ 28፣ 24፣ 18፣ በመጨረሻም 1 በ10፣ ማለትም 10። ተለያይተው ቢሆን ኖሮ ግን ፍጥነቱ 10፣ 9፣ 8፣ 7 እያለ ወደ 1 ይወርድ ነበር።

ሁለቱን ቅደም ተከተሎች ጎን ለጎን ጽፋችሁ እዩአቸው። የተናጠሉ ገና ከመነሻው ይወርዳል። የጋራው ግን ከመነሻው ይወጣል፣ መሐል ላይ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። ለዚህ ነው ሱፐርራዲያንስ በላቦራቶሪ ሲታይ ለአፍታ ጸጥ ብሎ ቆይቶ ከዚያ ቦግ ብሎ የሚጠፋ ብርሃን ሆኖ የሚታየው። የመጨረሻዋን ቁጥርም አትለፏት። አንዲት ኃይል ብቻ ቀርታ፣ እሷም ለአሥሩ የጋራ ሆና፣ በአሥር እጥፍ ፍጥነት ትወጣለች። ለአሥሩ ፎቶኖች የሚያስፈልገውን አማካይ ጊዜ ደምረን በሩቢዲየም 26 ናኖሰከንድ ብንመዝነው፣ በተናጠል 76 ናኖሰከንድ ገደማ የሚፈጀው ሥራ በጋራ 14 ናኖሰከንድ ገደማ ይፈጃል።

በመቶ አቶም ልዩነቱ ይሰፋል። መሐል ላይ፣ 50ው ተነቃቅተው ባሉበት ሰዓት፣ ፍጥነቱ 50 በ51፣ ማለትም 2,550 ነው። በተናጠል በዚያው ደረጃ 50 ብቻ ይሆን ነበር። በሺህ አቶም ጫፉ 250,500 ይደርሳል። ቁጥሩን በአሥር እጥፍ ስናሳድግ ጫፉ በመቶ እጥፍ አደገ ማለት ነው፤ ጫፉ ከቁጥሩ ጋር ሳይሆን ከቁጥሩ ካሬ ጋር ይሄዳል።

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ኃይል ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ መጠየቅም አለበት። ከየትም አልመጣም። መቶ የተነቃቁ አቶሞች በተናጠልም ሆነ በጋራ የሚለቁት መቶ ፎቶን ነው፣ አንድም አይጨምርም። የተለወጠው ጊዜው ነው። ያው ብርሃን በአጭር ጊዜ ውስጥ ስለወጣ ደመቀ።

የካሬውን ምንጭ በሞገድ ቋንቋም ማየት ይቻላል። ሞገድ የሚሸከመው ኃይል ከከፍታው ካሬ ጋር ይያያዛል። መቶ ሞገዶች ጫፋቸው ከጫፍ፣ ዝቅታቸው ከዝቅታ ገጥሞ ሲደመሩ ከፍታው መቶ እጥፍ፣ ድምቀቱ አሥር ሺህ እጥፍ ይሆናል። እንደየፍጥርጥራቸው ሲሆኑ ግን ግማሹ ሽቅብ ግማሹ ቁልቁል እየጎተተ ይጣፋሉ፤ የድምቀቱ አማካይ መቶ እጥፍ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መንዙማ ላይ ጭብጨባው እንዴት እንደሚገጥም አስቡት። መጀመሪያ እዚህም እዚያም ይሰማል፣ ትንሽ ቆይቶ ማንም ሳያዝ ቤቱ በሙሉ በአንድ ምት ይመታል። ከሱፐርራዲያንስ ጋር የሚመሳሰለው ይህ «ማንም ሳያዝ» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ፎቶን በዕድል ይወጣል፤ መቼና ወዴት እንደሚወጣ የሚወስን የለም፣ ተከታዮቹ ግን እሱን እየተከተሉ ይገጥማሉ። ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። ሰዎች የሚገጥሙት እየተሰማሙ፣ እጃቸውን እያፈጠኑና እያዘገዩ ነው። አቶሞቹ የሚገጥሙት ግን ማን እንደለቀቀ የሚያሳይ ምልክት ስለሌለ ነው። ምልክቱ ከተገኘ፣ ለምሳሌ አቶሞቹ ቀለማቸው በጥቂቱ ቢለያይ፣ መግጠሙ ይጠፋል።

አሁን ወደ ሌላኛው ፊት እንዙር። በሁለቱ አቶሞች ምሳሌ ሁለቱን መንገዶች ደመርናቸው። ብንቀንሳቸውስ? «ግራው ተነቃቅቷል» ከሚለው ላይ «ቀኙ ተነቃቅቷል» የሚለው የተቀነሰበት ሁኔታም አለ፣ ሊሠራም ይችላል። በዚህ ጊዜ ከግራ የሚወጣው ሞገድ ሽቅብ ሲል ከቀኝ የሚወጣው ቁልቁል ይላል፤ ፍጹም ተቀራርበው ከሆነ ምንም ብርሃን አይወጣም። ኃይሉ ውስጥ አለ፣ መውጫ ግን የለውም። ይህ ሰብራዲያንስ ይባላል፣ ሁኔታውም «ጨለማ ሁኔታ»። ለብዙ ጊዜ ሰዎች የሚያወሩት ስለ ደማቁ ወገን ነበር። በአሁኑ ጊዜ ግን ጨለማው ወገን የበለጠ ፈላጊ አግኝቷል፣ ምክንያቱም ብርሃንን ይዞ ማቆየት፣ በተፈለገ ሰዓትም መልቀቅ፣ የኳንተም ማስታወሻ ለመሥራት የሚፈለግ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በፈረንሳይ ኒስ ከተማ የሚሠራ ቡድን ቀዝቃዛ የሩቢዲየም አቶሞች ደመና ላይ ሌዘር አብርቶ ድንገት አጠፋው። አብዛኛው ብርሃን ወዲያው ወጣ። ጥቂቱ ግን ሳይወጣ ዘገየ፤ ከአንድ አቶም የተፈጥሮ ጊዜ እስከ 100 እጥፍ የሚደርስ ቆይታ ተለካ።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ የሚያምረውን ያህል በሥራ አይቀልም። ሦስት ጠላቶች አሉት። አንደኛው ርቀት ነው፤ አቶሞችን ከአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ ባነሰ ክፍተት ማስቀመጥ ከባድ ነው። በጣም ሲጠጋጉ ደግሞ በመካከላቸው ያለው የኤሌክትሪክ መሳሳብና መገፋፋት በርትቶ የእያንዳንዱን ቀለም ያዛባል፤ ስለዚህ መጠጋጋት ራሱ ወሰን አለው። ሁለተኛው ልዩነት ነው። የአንድ ዓይነት አቶሞች በተፈጥሮ አንድ ናቸው፤ በጋዝ ውስጥ ሲሯሯጡ ግን የሚለቁት ቀለም ይለያያል። በጠጣር ነገር ውስጥ የሚሠሩ አመንጪዎች ደግሞ ከመጀመሪያውም አንዱ ከሌላው ይለያል። ሦስተኛው ሙቀት ነው፤ ንዝረቱ ገና ግጥምጥሙ ሳይበስል ይበትነዋል። ብርሃኑ ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ወደ ተለመደው እየደበዘዘ የሚሄድ ኩርባ እንመለሳለን።

ስለዚህ ዲኪ ካሰበው በኋላ በግልጽ እስኪታይ 19 ዓመት መፍጀቱ አይገርምም። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩ ተመራማሪዎች የሃይድሮጅን ፍሎራይድ ጋዝ ወሰዱ። ብልሃታቸው የሞገድ ርዝመቱ ላይ ነበር። የመረጡት ብርሃን ከቀይ ብርሃን እጅግ ርቆ የሚገኝ፣ ለዓይን የማይታይ፣ ርዝመቱ በአሥር የሚቆጠር ማይክሮሜትር የሚደርስ ነው። ሞገዱ ሲረዝም «ቅርብ» የሚባለው ርቀትም አብሮ ይረዝማል፤ በአንድ ሞገድ ስፋት ውስጥም ብዙ ሞለኪውሎች ይገባሉ። ዕቃው ረዘም ያለ ቱቦ ስለነበር ብርሃኑ በየአቅጣጫው አልተበተነም፣ በቱቦው ርዝመት አቅጣጫ ወጣ፤ ከመዘግየት በኋላ ቦግ ብሎ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ሰብስበው በአንድ ሰፊ ጽሑፍ ካስቀመጡት መካከል ሚሼል ግሮስና ሰርዥ አሮሽ ይገኛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ነው የታተመው። አሮሽ የሞሮኮዋ ካዛብላንካ ተወላጅ ሲሆን በ2012 ብርሃንና አቶምን አንድ በአንድ በመቆጣጠር ሥራው ከዋይንላንድ ጋር ኖቤል ተሸልሟል።

የዲኪን የሁለት አቶም ምሳሌ በቀጥታ የፈተኑት ደግሞ በአይቢኤም ይሠሩ የነበሩት ዴቮና ብሩወር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለት የባሪየም አየኖችን በኤሌክትሪክ ወጥመድ ይዘው በመካከላቸው ያለውን ርቀት ቀየሩ። ጊዜው እንደ ርቀቱ ትንሽ አጠረ፣ ትንሽ ረዘመ። ለውጡ በጣም ጥቂት ነበር፤ አየኖች አንድ ዓይነት ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ፣ እንደ ልብ ማጠጋጋት አይቻልም። ሆኖም የሠንጠረዡ ቁጥር የአቶሙ ብቻ እንዳልሆነ በሁለት ቅንጣት ብቻ ታየ።

በቅርብ ዓመታት ከተሠሩት ውስጥ ሁለቱን ብቻ ላንሳ። በጀርመን ጋርሺንግ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ የኳንተም ኦፕቲክስ ተቋም ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ጥቂት መቶ የሩቢዲየም አቶሞችን በአንድ ንጣፍ ብቻ፣ በ532 ናኖሜትር ክፍተት፣ በካሬ ሰልፍ አሰለፋቸው። ክፍተቱ ከ780 ያነሰ መሆኑን አስተውሉ። ይህ የአንድ አቶም ውፍረት ያለው ንጣፍ ብርሃንን እንደ መስታወት አንጸባረቀ። አቶሞቹን ከሰልፋቸው ሲያዛቡባቸው መስታወትነቱ ጠፋ፤ ያንጸባረቀው ሰልፉ ነበር ማለት ነው። ሌላው በዴንማርክ ኮፐንሃገን የኒልስ ቦር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ነው። እዚያ የተጠቀሙት በሴሚኮንዳክተር ውስጥ የተሠሩ ኳንተም ዶት የተባሉ አመንጪዎችን ነው። ሁለቱ ዶቶች ተቀራርበው አልነበሩም። ብርሃኑ ግን ወደ ሌላ እንዳይሄድ አንድ ጠባብ መንገድ ተቀርጾለት በዚያው እንዲመላለስ ተደርጓል፤ በዚህ መንገድ የርቀትን ችግር አልፈው ደማቁንም ጨለማውንም ወገን አሳዩ። ለኳንተም ኮምፒውተርና ለኳንተም ግንኙነት የሚያስበው ሰው የሚከታተለው ይህን መስመር ነው፣ ምክንያቱም ቺፕ ላይ ሊሠራ ይችላል።

ሕይወት ባላቸው ነገሮችም ይታያል። ሐምራዊ ባክቴሪያ የሚባሉት የፀሐይ ብርሃን የሚሰበስቡባቸው ፕሮቲኖች በክብ የተደረደሩ፣ በአንዳንዶቹ 18 የሚሆኑ፣ ከክሎሮፊል ጋር የሚዛመዱ ሞለኪውሎች አሏቸው። የተሰበሰበችው ኃይል በአንዱ ሞለኪውል ላይ ብቻ አትቀመጥም፤ በተወሰኑት ላይ ተዘርግታ ትገኛለች፣ ሲለቋትም ከአንድ ሞለኪውል በጥቂት እጥፍ ይፈጥናሉ። 18 እጥፍ አይደርስም። በእኛ የአየር ሙቀት ላይ ሆኖ ጥቂት እጥፍ መትረፉ ራሱ ለባዮሎጂ ተማሪዎች የሚያነጋግር ነው።

በመጨረሻ ስለ ሌዘር አንድ ነገር፤ ሁልጊዜ የሚቀላቀል ስለሆነ። ሌዘርም በአንድ ምት የሚሄድ ብርሃን ነው፣ ነገር ግን ምቱን የሚይዘው በሁለት መስታወቶች መካከል የሚመላለሰው ብርሃን ነው። መስታወቶቹ ከተንቀጠቀጡ ምቱ ይናጋል፤ ለትክክለኛ ሰዓት መሥሪያ የሚሆን ሌዘር ሲሠራ ትልቁ ራስ ምታት ይኸው ነው። በሱፐርራዲያንስ ግን ምቱ የሚያዘው በአቶሞቹ ውስጥ ነው። በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ቦልደር፣ ጂላ በተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ሚሊዮን ገደማ የሩቢዲየም አቶሞችን ይዞ የሠራ ቡድን በመስታወቶቹ መካከል በአማካይ ከአንድ ፎቶን ያነሰ፣ 0.2 ገደማ ብቻ እያለ ሌዘሩ እንዲሠራ አደረገ። ብርሃኑ ባዶ በሚባል ክፍል ውስጥ ያልፋል፣ ምቱን ግን አቶሞቹ ይጠብቁታል። ከዚያ በኋላ ይኸው ተቋም ሰዓት ለመሥራት ይበልጥ ወደሚመረጠው ስትሮንሺየም ተሻግሯል። የስትሮንሺየም የሰዓት ደረጃ ብቻውን ሲሆን ብርሃን የሚለቀው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ከአንድ አቶም የሚወጣው ብርሃን ለመለካት እንኳ አይበቃም። ብዙ ሆነው በጋራ ሲለቁ ግን በቂ ብርሃን ይወጣል። አሁን በየላቦራቶሪው የሚለፋበት ይህን ብርሃን ለአፍታ ብልጭ ከማለት አልፎ ሳይቋረጥ እንዲፈስ ማድረጉ ነው፤ ለዚህም አዲስ አቶም ሳያቋርጡ መመገብ ያስፈልጋል።